«አከምፐኒ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ግሥ በትክክል ስለ መጠቀም፦ ትርጉሙ፣ አገባቡና በውስጡ ያለው እንጀራ

አማርኛ ተናጋሪው ትርጉሙን እያወቀ በአገባቡ ከሚሳሳትባቸው የእንግሊዝኛ ግሦች አንዱ «አከምፐኒ» ነው። ፍቺው ምንድን ነው ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «አብሮ መሄድ»፣ «ማጀብ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም ትክክል ነው። ዓረፍተ ነገር ሥራበት ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሺ አከምፐኒድ ዊዝ ኸር ማዘር» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ደግሞ ስሕተት ነው። ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። በአማርኛ «ከእናቷ ጋር አብራ ሄደች» ስለምንል፣ «ጋር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛውም ውስጥ «ዊዝ» ብለን ቦታ ልንሰጠው እንፈልጋለን።

ይህ መመሪያ የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው። በዚህ ግሥ ውስጥ «ጋር» የሚለው ፍቺ ከጥንት ጀምሮ ተሰፍቶ ስላለ፣ ከውጭ ሌላ «ጋር» አይፈልግም። የቃሉን አመጣጥ የተረዳ ሰው ሕጉን በየጊዜው በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም ብዬ ስለማምን፣ ሰዋስዉን ከመንካቴ በፊት ከታሪኩ እጀምራለሁ። የእንግሊዝኛውን ቃላት የጻፍኳቸው በራሳችን ፊደል ስለሆነ፣ አንባቢው እያንዳንዱን ምሳሌ ድምፁን አሰምቶ ቢያነብበው ይጠቀማል።

አንደኛ ደረጃ፦ ቃሉን ፈትቶ ማየት

ቃሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። መጀመሪያ ያለው «አ» ከላቲኑ «አድ» የመጣ ሲሆን ፍቺው «ወደ» ነው። ሁለተኛው ክፍል ከላቲኑ «ኩም» የወጣው «ኮም» ነው፤ ፍቺውም «ጋር፣ በአንድነት» ማለት ነው። ሦስተኛው «ፓኒስ» ሲሆን ዳቦ ማለት ነው። ከሁለቱ የኋለኞች «ኮምፓኒዮ» የሚል ስም ተሠራ፤ ትርጉሙ ዳቦ አብሮ የሚበላ፣ የማዕድ ተካፋይ ማለት ነው።

«ኮምፓኒዮ» የጥንቶቹ የሮም ጸሐፊዎች ቃል አይደለም። ብቅ የሚለው ዘግይቶ፣ የፍራንኮች ሕግ በሆነውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም በተጻፈው «ሌክስ ሳሊካ» ውስጥ ነው። የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንትም ቃሉ ከጀርመናውያን ቋንቋዎች በአንዱ የነበረን ቃል በላቲን ፍቺው የገለበጠ እንደሆነ ይናገራሉ። የዚህ ዓይነቱ ቃል ከእነዚሁ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በጥንቱ ጎትኛ «ጋህላይባ» ነበር፤ «ጋ» ማለት «ጋር»፣ «ህላይፍስ» ማለት ደግሞ «ዳቦ» ነው። ዉልፊላ የተባለው ጳጳስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎትኛ ሲመልስ፣ በዮሐንስ ወንጌል 11፥16 ቶማስ ያነጋገራቸውን ደቀ መዛሙርት የጠራው በዚሁ ቃል ነው። የጎትኛው «ጋ» ከእኛው «ጋር» ጋር የተመሳሰለው በአጋጣሚ እንጂ በዝምድና አይደለም፤ ለማስታወስ ግን ይረዳል።

ከላቲኑ ስም የጥንቱ ፈረንሳይኛ «ኮምፓኞን» የሚለውን ስም አወጣና፣ ከእርሱም «አኮምፓኚዬ»፣ ማለትም «ባልንጀራ መሆን፣ አብሮ መሄድ» የሚል ግሥ ሠራ። ከሰሜን ፈረንሳይ የተነሡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ሆኖ ስለቆየ፣ እጅግ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገቡ፤ «አከምፐኒ» የሚለው ግሥ በጽሑፍ የሚገኘው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። «ከምፓንየን» የተባለው ስምና «ከምፐኒ» የተባለው፣ አንድም የሰዎችን ስብስብ አንድም የንግድ ድርጅትን የሚያመለክተው ቃል፣ የዚሁ ግሥ ወንድሞች ናቸው። እኛም በየዕለቱ የምንጠራው «ኩባንያ» ምንጩ የጣልያንኛው «ኮምፓኒያ» ስለሆነ፣ አክሲዮን የገዛ ሰው ሳያውቀው አብሮ የተቆረሰን ዳቦ ስም ይጠራል።

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ቆም ብሎ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የእኛው «ባልንጀራ» የተሠራው ከ«ባለ» እና ከ«እንጀራ» ነው። ላቲን ተናጋሪው ዳቦውን አይቶ ያወጣለትን ስም፣ የእኛ አባቶችና እናቶች መሶቡን አይተው አውጥተውታል፤ አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ ሁለቱም አንድ ቦታ ደርሰዋል። እንግሊዝኛ ራሱ ይህን መንገድ ደጋግሞ ሄዶበታል፤ «ሜይት» የሚለው የጓደኛ ስም ከምግብ መካፈል የመጣ ነው፤ «ሎርድ» ማለት በጥንቱ እንግሊዝኛ «የዳቦ ጠባቂ»፣ «ሌዲ» ማለት ደግሞ «ዳቦ የምታቦካ» ነበር። ስለዚህ «አከምፐኒ» የሚለውን ግሥ ስታጠኑ «ማጀብ» ከሚለው ፍቺ ይልቅ «ባልንጀራ መሆን» የሚለውን ብታስቀድሙ፣ አገባቡ በራሱ ይቃናል። «እናቷን ባልንጀራ ሆነቻት» ሲባል «ጋር» ቦታ የለውም፤ በእንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ዋናው ማን፣ ተከታዩ ማን እንደሆነ መለየት

ዓረፍተ ነገሩን ከመጻፋችሁ በፊት ጉዞው ወይም ጉዳዩ የማን እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። በዚህ ግሥ ባለቤቱ ተከታይ ነው፤ ተሳቢው ዋና ነው። ሚኒስትሩ ፕሬዚዳንቱን «አከምፐኒ» ያደርጋል፤ ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትሩን «አከምፐኒ» አደረገ ከተባለ ግን አንባቢው ጉብኝቱ የሚኒስትሩ እንደነበር ይረዳል። በአማርኛም «አጃቢ» የምንለው ሙሽራውን ሳይሆን ሚዜውን ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች እኩል ከሆኑና ጉዞው የሁለቱም ከሆነ ግን ይህን ግሥ ትታችሁ «ዌንት ቱጌዘር»፣ ማለትም «አብረው ሄዱ» ብትሉ ይሻላል።

የአማርኛ ቃሎቻችን ከእንግሊዝኛው ጋር በልክ የማይገጥሙባቸውን ቦታዎችም ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያሳስተው «መሸኘት» ነው። የሚሸኝ ሰው እስከ ደጃፍ፣ እስከ አውቶቡስ ተራ ወይም እስከ ቦሌ ሄዶ ይመለሳል፤ የሽኝቱ ፍሬ ነገር መለያየቱ ነው። «አከምፐኒ» ግን ስለ መለያየት የሚናገረው ነገር የለም። «ወንድሜን ቦሌ ድረስ ሄጄ ሸኘሁት» ለማለት የሚስማማው «አይ ሶው ማይ ብራዘር ኦፍ አት ዚ ኤርፖርት» የሚለው ነው። «አይ አከምፐኒድ ማይ ብራዘር ቱ ዚ ኤርፖርት» ብትሉ ስሕተት አይሆንም፤ ነገር ግን አብራችሁት እስከዚያ መሄዳችሁን ብቻ ይናገራል እንጂ የመሰናበቱን ስሜት አያደርስም። «ወንድሜን ወደ ዱባይ ሸኘሁት» የሚለውን «አይ አከምፐኒድ ማይ ብራዘር ቱ ዱባይ» ብሎ የተረጎመ ሰው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ተናግሯል፤ አድማጩ ሁለታችሁም ዱባይ እንደደረሳችሁ ያምናል።

ሁለተኛው «ማስታመም» ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው አጠገብ የሚቀመጠውን፣ መድኃኒት የሚገዛውንና ሌሊት የሚያድረውን ሰው እኛ «አስታማሚ» እንላለን፤ ይህን ሁሉ «አከምፐኒ» አይሸከመውም። እስከ ሐኪሙ ክፍል አብሮ መግባት «አከምፐኒ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንከባከብ ግን «ሉክ አፍተር» ወይም «ኬር ፎር» ነው። ሦስተኛው የጥበቃ ትርጉም ያለው እጀባ ነው። ፖሊስ ገንዘብ የጫነ መኪና ሲያጅብ ወይም ወታደሮች ተሽከርካሪዎችን ሲያጅቡ ትክክለኛው ግሥ «ኤስኮርት» ነው፤ በዚያ ውስጥ መጠበቅ ወይም ማስገደድ አለ። «ኤስኮርት» በስምነቱ በገንዘብ የሚቀጠር የግል አጃቢን፣ በተለይም ከወሲብ ንግድ ጋር በተያያዘ፣ ስለሚያመለክት አክስታችሁን ወይም እኅታችሁን በዚህ ስም እንዳትጠሩ አደራ እላለሁ። በአሜሪካ ልጅ የሚያስተምሩ ወላጆች ደግሞ ከትምህርት ቤት በሚላኩ ደብዳቤዎች ላይ «ሻፐሮን» የሚል ቃል ያገኛሉ፤ እርሱም ልጆች ለጉብኝት ሲወጡ አብሮ የሚሄድና የሚቆጣጠር ዐዋቂ ማለት ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ዓረፍተ ነገሩን መሥራት

«አከምፐኒ» ተሻጋሪ ግሥ ነው። ስለዚህ ተሳቢውን ያለ አንዳች መስተዋድድ ወዲያው አስከትሉት፤ መድረሻ ቦታ ካለ ከተሳቢው በኋላ «ቱ» ብላችሁ ጨምሩ፤ የጉዞውን ዓይነት መጥቀስ ከፈለጋችሁ ደግሞ «ኦን» በሉ። «ሺ አከምፐኒድ ኸር ማዘር ቱ ዘ ሆስፒታል» ማለት «እናቷን ተከትላ ሆስፒታል ሄደች» ነው። «ሂ አከምፐኒድ ሚ ኦን ዘ ትሪፕ» ማለት «በጉዞው ላይ አብሮኝ ነበር» ነው። መጨረሻ ላይ ያለው የአማርኛ ትርጉም ጠቃሚ ነገር ያሳያል፤ «አብሮኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ኝ» ልክ እንደ እንግሊዝኛው «ሚ» ያለ «ጋር» የገባ ተሳቢ ነው። «ከእኔ ጋር» ብላችሁ ስታስቡ ስሕተቱ ይመጣል፤ «አብሮኝ» ብላችሁ ስታስቡ ግን ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

መሄድ የሚለው ፍቺ አስቀድሞ በግሡ ውስጥ ስላለ «ጎ» የሚል ሌላ ግሥ አትደርቡበት። «አብሬው ሄድኩ» የሚለውን በሁለት ግሥ ስለምንናገረው «አይ አከምፐኒድ ሂም ኤንድ ዌንት» ወደ ማለት እንሳባለን፤ የኋለኛው ግሥ ትርፍ ነው።

አንድን ትልቅ ሰው አብረውኝ ይሂዱ ብላችሁ ስትለምኑ፣ እንግሊዝኛ «እርስዎ» የሚል የአክብሮት መደብ ስለሌለው፣ አክብሮቱን የሚሸከመው የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ውድ ዩ አከምፐኒ ሚ ቱ ዘ ባንክ?» የሚለው «እባክዎ ባንክ ድረስ አብረውኝ ይሂዱልኝ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ለእኩያ ጓደኛ ግን ይህ አነጋገር የደብዳቤ ያህል ይከብዳል። በአፍ ሲነገር ሰዎች የሚሉት «ካን ዩ ካም ዊዝ ሚ?» ነው፤ «ካም» እና «ጎ» የተባሉት ግሦች በውስጣቸው «ጋር» ስለሌላቸው «ዊዝ» የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ናቸው። ግራ መጋባቱም በከፊል የሚመጣው ሁለቱን አገባቦች ከመቀላቀል ነው።

አራተኛ ደረጃ፦ ወደ ተገብሮ መለወጥና «ባይ»ን ከ«ዊዝ» መለየት

በመሥሪያ ቤት ጽሑፍ፣ በሕግና በማስታወቂያ ይህን ግሥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት በተገብሮ ነው። አብሮ የሚሄደው ሰው ከሆነ መስተዋድዱ ያለ ጥርጥር «ባይ» ነው፤ «ዘ ቻይልድ ወዝ አከምፐኒድ ባይ ሂዝ አንት» ማለት «ልጁ ከአክስቱ ጋር ነበር የመጣው» ማለት ነው። በአሜሪካ የፊልም ምዘና «አር» የሚል ምልክት የተሰጠው ፊልም ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ተመልካች ወላጅ ወይም ዐዋቂ አሳዳጊ አብሮት እንዲገባ ያስገድዳል፤ በምዘናው ማስታወቂያ ላይ የሚነበበውም «አከምፐኒዪንግ» የሚለው የዚሁ ግሥ ቅርጽ ነው።

ነገርና ነገር ሲሆን ግን «ባይ» በብዛት ቢሠራም «ዊዝ» ሙሉ በሙሉ ክልክል አይደለም። «ሄቪ ሬይን አከምፐኒድ ባይ ስትሮንግ ዊንድስ» ማለት «ኃይለኛ ነፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ» ነው። ሐኪሞችም ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ሲመጣ በዚህ አነጋገር ይገልጹታል። ክትፎ ከአይብና ከጎመን ጋር ይቀርባል ለማለት «ኢዝ አከምፐኒድ ባይ» ብትሉ ያምራል፤ በዚህ ቦታ «ዊዝ» የሚል ሰውም ብታገኙ አትንቀፉት።

«ዊዝ» የግድ የሚሆንበት አንድ አገባብም አለ። ሰው በአንድ ነገር ላይ ሌላ ነገር ሲጨምር ዓረፍተ ነገሩ «ሂ አከምፐኒድ ሂዝ ወርድስ ዊዝ ኤ ስማይል» ይሆናል፤ ፍቺውም «ንግግሩን በፈገግታ አጅቦ ተናገረ» ነው። ልብ በሉ፣ እዚህም ቢሆን ተሳቢው «ሂዝ ወርድስ» ከግሡ ቀጥሎ ያለ መስተዋድድ ገብቷል፤ «ዊዝ» የመጣው ከእርሱ በኋላ፣ የተጨመረውን ነገር ለመግለጽ ነው። የአመጣጡ ታሪክ ሕጉን እንድናስታውስ ይረዳናል እንጂ ሕግ አውጪ አይደለም ማለቴም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃላት ከተወለዱበት ቤት ወጥተው በየተናጋሪው አፍ ይለመዳሉና።

አምስተኛ ደረጃ፦ አጻጻፉና አነባበቡ

ፊደሎቹ ዘጠኝ ናቸው፦ ኤ፣ ሲ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤም፣ ፒ፣ ኤ፣ ኤን፣ ዋይ። «ሲ» ሁለት ጊዜ የምትጻፈው የላቲኑ «አድ» መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ ከፊቱ ባለው «ሲ» ስለተዋጠ ነው። ኃላፊ ጊዜ ሲሆን «ዋይ» ወደ «አይ» ተለውጣ «ኢ» እና «ዲ» ይከተሏታል፤ «አከምፐኒዪንግ» ሲሆን ግን «ዋይ» እንዳለች ትቀራለች። «አከምፐኒመንት» በሚለው ስም ውስጥም «ዋይ» ወደ «አይ» ትለወጣለች።

ስንናገር ጭነቱ የሚያርፍበት፣ ማለትም ጎላ ብሎ የሚሰማው ሁለተኛው ክፍል፣ «ከም» ነው፤ የመጀመሪያው «አ» ለዘብ ብሎ ያልፋል። በፊደሉ «ኦ» ስለምናይ «አኮምፓኒ» ማለት ይቀናናል፤ በእንግሊዝኛ የሚሰማው ድምፅ ግን ከእኛው ግዕዝ ድምፅ፣ ከ«ከ» ጋር እጅግ የቀረበ ነው፤ በዚህ ረገድ ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ ታማኝ ነው። «ከምፓንየን» ሲሆን ጭነቱ ወደ «ፓን» ይሸጋገራል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በሙዚቃ መጠቀም

አማርኛና እንግሊዝኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚስማሙት በዚህ ነው። «በክራር ታጅቦ ዘፈነ» የምንለውን እንግሊዝኛ በዚሁ ግሥ ይገልጸዋል። ዋናው ድምፃዊው ነው፤ አጃቢው ሙዚቀኛ ነው፤ መሣሪያው የሚገባው በ«ኦን» ነው። «ሂ አከምፐኒድ ዘ ሲንገር ኦን ዘ ፒያኖ» ማለት «ድምፃዊውን በፒያኖ አጀበው» ነው። ጥላሁን ገሠሠ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ታጅቦ ዘፍኗል ለማለት «ወዝ አከምፐኒድ ባይ» በሉ፤ ኦርኬስትራው የሰዎች ስብስብ ስለሆነ «ባይ» እንጂ «ኦን» አይገባውም።

አዝማሪ ራሱ ማሲንቆ እየመታ ራሱ ሲዘፍን ደግሞ «ሂ አከምፐኒድ ሂምሰልፍ ኦን ዘ ማሲንቆ» ይባላል፤ ስለ በገና ደርዳሪም እንዲሁ። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ይህን አነጋገር ቢለምደው «ዘፈነም መታም» ከማለት ያርፋል። የአጃቢው ሙያ ስም «አከምፐኒስት» ነው። አጃቢ የሌለው ሙዚቃ «አንአከምፐኒድ» ይባላል፤ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኅ ለብቻው ለሚጫወት ቼሎ (ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) የጻፋቸው 6 ስዊቶች (ተከታታይ የሙዚቃ ክፍሎች) በእንግሊዝኛ የሚጠሩት በዚህ ቅጽል ነው። ስያሜው ጎደሎነትን አያመለክትም፤ አንድ መሣሪያ ብቻውን እንደቆመ ይናገራል እንጂ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ በሰነዶችና በቪዛ ጉዳዮች በጥንቃቄ ማንበብ

ብዙ ቤተሰብ ይህን ቃል የሚገናኘው በትምህርት ቤት ሳይሆን በቅጽ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ክፍል ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። «ዚ አፕሊኬሽን መስት ቢ አከምፐኒድ ባይ ኤ ኮፒ ኦቭ ዘ ፓስፖርት» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታዩ ፍቺው «ማመልከቻው ከፓስፖርት ቅጂ ጋር መቅረብ አለበት» ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን «አባሪ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ቅጂው ከሌለ ማመልከቻው እንዳልተሟላ ይቆጠራል። «አከምፐኒዪንግ ዶክዩመንትስ» ማለትም አባሪ ሰነዶች ነው።

«አንአከምፐኒድ ባጌጅ» የሚል ቃል በጉምሩክ ቅጽ ላይ ሲገኝ፣ ተጓዡ ከራሱ ጋር ሳይዝ ለብቻው በጭነት የላከውን ዕቃ ያመለክታል። ከዐረብ አገሮች ተመልሶ ዕቃውን በካርጎ ያስላከ ሰው ይህን ጥያቄ በጥድፊያ ሊያልፈው አይገባም።

በአሜሪካ የስደተኛ ቪዛ ሕግ ደግሞ «አከምፐኒዪንግ» ከዕለታዊው ትርጉም ሰፋ ያለ የሕግ ፍቺ ተሰጥቶታል። የዲቪ ዕድል የደረሰው ሰው «ዋና አመልካች» ይባላል፤ የትዳር ጓደኛውና ያላገቡ፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ በእርሱ ምክንያት ቪዛ ሊያገኙ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ «አከምፐኒዪንግ» የሚባለው ከዋናው አመልካች ጋር በአንድ አውሮፕላን የሚሄደው ብቻ አይደለም፤ ዋናው አመልካች ቪዛ ካገኘ በ6 ወር ውስጥ ቪዛ የተሰጠውም በዚሁ ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ፎሎዊንግ ቱ ጆይን»፣ ማለትም «ተከትሎ የሚቀላቀል» ይባላል። በዲቪ ግን የቪዛው ዘመን መስከረም 30 ቀን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሚዘጋ፣ ተከትሎ የሚመጣውም ቪዛውን ከዚያ ቀን በፊት ማግኘት አለበት። ሕጉ አብሮ የሚሄደው ቤተሰብ ዋናውን አመልካች ቀድሞ አሜሪካ መግባት እንደማይችልም ይደነግጋል። በሁለተኛው ደረጃ ባለቤቱ ተከታይ ነው ያልነው የሰዋስው ነገር እዚህ ላይ የአውሮፕላን ቲኬት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል፤ ሚስት ርካሽ ቲኬት ስላገኘች ብቻ ባሏን ቀድማ መብረር አትችልም።

የመጨረሻው በስደተኞች ጉዳይ የሚሠሩ ወገኖች ሊያውቁት የሚገባው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው 6ኛው አጠቃላይ ማብራሪያ ሁለት ቃላትን ለይቷል። «አንአከምፐኒድ» የሚባለው ሕፃን ከሁለቱም ወላጆቹና ከሌሎች ዘመዶቹ የተለየና በሕግ ወይም በልማድ ኃላፊነት ያለበት ዐዋቂ የማይንከባከበው ነው። «ሰፓሬትድ» የሚባለው ደግሞ ከወላጆቹ ወይም ከቀድሞ አሳዳጊው ቢለይም ከሌላ ዘመድ ጋር ሊሆን የሚችል ሕፃን ነው። አጎቱ ይዞት የመጣን ልጅ ተርጓሚው በግዴለሽነት «አንአከምፐኒድ» ቢለው፣ ልጁ በመዝገብ ላይ ብቻውን የቀረ ይሆናል፤ ይህም ከአጎቱ ሊያስለየው ይችላል። ስለዚህ የምትተረጉሙ ሰዎች ከመጻፋችሁ በፊት «አብሮህ የመጣ ማን ነው? ምንህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በዝምድና ስም አጎት፣ አክስት፣ የእናት ልጅ እያላችሁ መዝግቡ፤ «ዘመድ ነው» በሚል ድፍን ቃል አትለፉት።

ስምንተኛ ደረጃ፦ መለማመድ

የሚከተሉትን አምስት ዓረፍተ ነገሮች መጀመሪያ ራሳችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው፤ ከዚያ በኋላ ከታች ካለው መልስ ጋር አስተያዩአቸው። «አባቴን ተከትዬ ፍርድ ቤት ሄድኩ።» «እንግዶቹን እስከ በሩ ሸኘናቸው።» «ዘፋኟን በክራር ያጀባት ወንድሟ ነው።» «ደብዳቤው ከሁለት ፎቶግራፎች ጋር መቅረብ አለበት።» «ልጆች ያለ ዐዋቂ መግባት አይችሉም።»

የመጀመሪያው «አይ አከምፐኒድ ማይ ፋዘር ቱ ዘ ኮርት» ነው፤ «ዊዝ» ብላችሁ ከሆነ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመለሱ። ሁለተኛው ሽኝት ስለሆነ «ዊ ሶው ዘ ጌስትስ ቱ ዘ ዶር» ቢባል ይመረጣል፤ «አከምፐኒድ» ያለም አልተሳሳተም፣ ሆኖም ነገሩን መደበኛ አድርጎታል። ሦስተኛው «ኸር ብራዘር አከምፐኒድ ኸር ኦን ዘ ክራር» ይሆናል። አራተኛው «ዘ ሌተር መስት ቢ አከምፐኒድ ባይ ቱ ፎቶግራፍስ» ነው። አምስተኛውን ብዙ ሰው «ዊዛውት አን አደልት» ብሎ ይመልሰዋል፤ ትክክል ነው፣ ይሁን እንጂ በበሮች ላይ የምታነቡት «ችልድረን መስት ቢ አከምፐኒድ ባይ አን አደልት» የሚለውን ነው፤ አማርኛው በአሉታ የከለከለውን እንግሊዝኛው በአዎንታ ያዝዘዋል። እነዚህን ያለ ማመንታት ከመለሳችሁ፣ ከራሳችሁ ቤተሰብ ታሪክ ሌላ አምስት ጻፉና ግሡን ተከትሎ ወዲያው የሰው ስም ወይም ተውላጠ ስም መግባቱን በጣታችሁ እየጠቆማችሁ አረጋግጡ።